«ሚስት አትወርስም» እውነት ነው ወይ? ስለ ውርስ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ብድር ከቤታችን የተማርኩት

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ስህተት ነው። ስህተቱም የራሴ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት ለእረፍት ጉደር ቤተሰቦቼ ዘንድ ሳለሁ የአክስቴ ባለቤት አርባ ወጣ። ጸሎቱ ተደርጎ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ እንግዳው ሲበተን ዘመድ አዝማድ ቀረና የንብረት ነገር ተነሳ። ከሟች ወገን የሆኑ አንድ ትልቅ ሰው ጋቢያቸውን አስተካከሉና «በሕግ እኮ ሚስት አትወርስም፤ ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው» አሉ። አክስቴ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን ማየት ጀመረ። በእኛ ሰፈር ኮሌጅ የገባ ሰው ሁሉን ያውቃል ነው የሚባለው፤ የላም በሽታም ይሁን የሬዲዮ ብልሽት ይጠየቃል። እኔም የሥነ ዜጋ ተማሪ ነኝና ክብሬን ላለማስነካት «ውሸት ነው! የመጀመሪያዋ ወራሽ ሚስት ናት» ብዬ በድፍረት ተናገርኩ። አክስቴ ቀና አለች። ሰውዬው ግን «እንግዲህ የተማረው ካለ…» ብለው ዝም አሉ።

አምቦ ተመልሼ ከቤተ መጻሕፍት የፍትሐ ብሔር ሕጉን አውጥቼ ሳነብ ላብ አሰመጠኝ። ሰውዬው ልክ ነበሩ። ሆኖም ማንበቤን ስቀጥል ሌላ ነገር ገባኝ፤ አባባላቸው ልክ ቢሆንም አክስቴ ባዶ እጇን የምትቀር ሴት አይደለችም። በከተሞቻችን ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ሕጉ ስለ ጨከነበት ሳይሆን የሕጉን ግማሽ ብቻ ስለ ሰማ፣ ወረቀት ስላልያዘ፣ ወይም ቀኑ ስላለፈበት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ይህንኑ በቤታችን በደረሱ ሦስት ነገሮች ላሳያችሁ።

ግማሹ ከመጀመሪያውም የእሷ ነው

እንደሚታወቀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነበሩ። ስለ ጋብቻ የሚናገረው ክፍል በኋላ በወጡ ሕጎች ተተክቷል፤ በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክልላችን ደግሞ በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 69/1995። የውርሱ ክፍል ግን ያው የ1952ቱ ነው። ሰው የሚምታታበትም እዚህ ጋ ነው፤ የባልና የሚስት ንብረት በአንዱ ሕግ ይታያል፣ ውርሱ በሌላው።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 መሠረት ሟች ኑዛዜ ካልተወ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ከሆነ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ይገባሉ። ልጅና የልጅ ልጅ ከሌለ አባትና እናት፣ እነሱ ከሌሉ ወንድምና እህት፣ ከዚያ አያቶችና የእነሱ ተወላጆች እያለ ይሄዳል። ሚስት ወይም ባል በዚህ ዝርዝር ውስጥ የትም የሉም። እንዲያውም ሕጉ የሚጠራቸው ዘመዶች ጨርሰው ከጠፉ ንብረቱ ለመንግሥት ይሆናል እንጂ ወደ ሚስት አይዞርም። ይህን ሳነብ ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ተናድጃለሁ፤ አሁንም ትክክል አይመስለኝም። ነገር ግን ሕጉ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቤተሰብ ሕጉ እንሂድ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው። ቤቱ በባል ስም ቢመዘገብ፣ ደመወዙን ያመጣው እሱ ብቻ ቢሆን፣ ለውጥ የለውም። «ይህ የግሌ ነው» የሚል ወገን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ጋብቻው ደግሞ በሞት ይፈርሳል። ሲፈርስ በቅድሚያ የጋራ ንብረቱ ለሁለት ይከፈላል፤ የሚወረሰው የሟች ግማሽ ብቻ ነው። እንግዲህ «ሚስት አትወርስም» የሚለው ቃል የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ነው።

በቁጥር ላስቀምጠው። ባልና ሚስት አብረው የሠሩት ቤት 600,000 ብር ያወጣል እንበል። 300,000 ብሩ የሚስት ነው፤ ስለ ውርስ ከመነጋገራችን በፊት ይወጣል። በቀረው 300,000 ብር ላይ የቀብር ወጪ ቅድሚያ አለው፣ የማጣራት ወጪ ይከተላል፣ ከዚያም የሟች ዕዳ ይከፈላል። ወጪም ዕዳም የለም ብንል ሦስት ልጆች 100,000 ብር፣ 100,000 ብር ይደርሳቸዋል። ሚስት ከባሏ በፊት ከወላጆቿ ያገኘችው ላም ወይም ሳትጋባ የገዛችው ዕቃ ካለ ደግሞ የግሏ ስለሆነ ድርድር ውስጥም አይገባም።

የአክስቴ ባለቤት ልጆች ሦስት ናቸው። አንዱ ቤት ያለው ታላቁ ነው። ሁለተኛዋ ጌዶ አግብታ ትኖራለች። ሦስተኛው ከጋብቻ በፊት የተወለደ ሲሆን ባኮ ከአያቱ ጋር ነው ያደገው። በዚያ አርባ ዕለት ስለ ጌዶዋ «እሷማ አግብታ ወጥታለች» ተባለ፤ የባኮው ልጅ ስሙም አልተነሳ። በሕጉ ግን ሦስቱም እኩል ናቸው። አንቀጽ 836 በጋብቻም ተወለደ ከጋብቻ ውጭ የወራሽነት መብት አይለወጥም ይላል፤ በጉዲፈቻ ያደገም እንደ ልጅ ይቆጠራል። አንቀጽ 837 ደግሞ ጾታና ዕድሜ ልዩነት እንደማያመጡ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 7 ሴቶች ንብረት በመውረስ ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ማግባት ከቤት ያስወጣ ይሆናል እንጂ ከውርስ አያስወጣም።

ሰውዬው ለሚስቱ መተው ቢፈልግ ኖሮስ? ይችል ነበር፤ በኑዛዜ። ሆኖም ኑዛዜ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ ከሆነ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ በወረቀቱ ላይ መጠቀስ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። እኛ ሰፈር የማውቃቸው ሰዎች በሦስት ሽማግሌ ፊት ይጽፉና ሳጥን ውስጥ ይቆልፉታል፤ «ተነቧል» የሚል ቃል የለበትም። እንዲህ ያለው ወረቀት በፍርድ ቤት ፈራሽ ነው። ተናዛዡ ራሱ ሙሉ በሙሉ በእጁ ከጻፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን ከገለጸ፣ በየገጹም ቀን ጽፎ ከፈረመ ምስክር ሳያስፈልገው ይጸናል፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ዋጋ ያጣል። በቃል የተነገረ ኑዛዜም በሁለት ምስክሮች ፊት ይቻላል፤ ነገር ግን ለጥቃቅን ጉዳዮች ብቻ ነው፤ ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ይሻራል።

ወራሽ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ያስፈልጋል (አንቀጽ 996)። ያለዚያ ባንክ ያለውን ገንዘብ ማውጣትም ሆነ የቤት ካርታ ማዞር አስቸጋሪ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ይርጋ አለ። ሌላ ሰው የውርሱን ንብረት ይዞብኛል የሚል ወራሽ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ከቤተሰብ የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር፣ ሟች ከሞተ ወይም ከሳሹ በመብቱ መሥራት ከቻለ 15 ዓመት ካለፈ ደግሞ ጨርሶ አይቻልም። የባኮው ልጅ አፍሮ ዝም ቢል አምስት ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ አስቡት።

የእርሻ መሬት የተለየ ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው። ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስነውም ፍትሐ ብሔሩ ሳይሆን የገጠር መሬት ሕጉ ነው፤ የፌዴራሉ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተሻሽሎ ወጥቷል፣ ክልሉም የራሱ አለው። እዚህ ላይ ትልቁ ማስረጃ የይዞታ ደብተሩ ነው። የአክስቴ ስምና ፎቶ ከባሏ ጎን በደብተሩ ላይ አለ። «ይህማ ለወግ ነው የተለጠፈው» ስትል የሰማኋት ጊዜ መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

ሽማግሌዎችን ለመንቀፍ አይደለም ይህን ሁሉ የምለው። በእኛ አገር ጃርሱማ ባይኖር የፍርድ ቤቱ ደጅ ባልተቻለ ነበር። ክልሉም በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች እውቅና ሰጥቷል። ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ሕግ የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። አንገትን ደፍቶ ዝም ማለት ፈቃድ ነው ወይ? እዚያ አርባ ላይ አክስቴን ማንም «ትስማሚያለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም።

የስድስት ሳምንት ደመወዝ

ታናሽ ወንድሜ አሥረኛ ክፍልን እንደ ጨረሰ አምቦ ውስጥ አንድ የሕንፃ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኝነት ገባ። ቀኑ 400 ብር ነበር። መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ ይከፈላቸው ነበር፤ በኋላ ሥራው ሲቆም የስድስት ሳምንት ቀረበት። ሲጠይቅ «ነገ»፣ ሲመላለስ «ከበዓል በኋላ» ይባላል። እሱም ይሉኝታ ይዞት ጠበቀ። ለእኔ የነገረኝ በስምንተኛው ወር ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀድሞውን 377/1996 ተክቶ የወጣ ነው። ወንድሜ ዋናው ጭንቀቱ «ውል አልፈረምኩም» የሚል ነበር። ይህ ግን ምንም አልነበረም፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ወረቀት ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ከዚያ በላይ ሲሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለ። የወንድሜን 400 ብር ለስምንት ስናካፍል በሰዓት 50 ብር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ከሠራ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 75 ብር። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75 ተባዝቶ 87 ብር ከ50። በሳምንት እረፍቱ ቀን ሁለት እጥፍ፣ 100 ብር። በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ፣ 125 ብር። ሌሊት ሲሚንቶ ሲያወርድ ያደረበትን ቀን ስናሰላው ወንድሜ «እንዴ! ይህ ሁሉ?» አለኝ። እሱ የሚያውቀው ያን ዕለት ሻይና ዳቦ መጋበዙን ነው።

ውሉ ሲቋረጥ የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል። እዚህ ድረስ ሁሉም ለወንድሜ ነበር። ከዚያ አንቀጽ 163 መጣ። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። ከሥራ ያለ አግባብ ተባርሬአለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ደግሞ ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው። በውርስ ሦስት ዓመትና 15 ዓመት እያልን ከመጣን በኋላ ስድስት ወር ስንት አጭር እንደሆነ አስተውሉ። በቀን ሥራ የሚኖር ሰው ወሩን የሚቆጥረው በቤት ኪራይ እንጂ በይርጋ አይደለም።

በጣም ያንገበገበኝ ግን ስለ ይርጋ መቋረጥ የሚናገረው አንቀጽ ነው። ይርጋው የሚቋረጠው ሠራተኛው ለሚመለከተው የሥራ ክርክር ሰሚ ወይም ሕጉን ለሚያስፈጽመው አካል ካመለከተ፣ ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ካመነ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የተባለው «ነገ» የቃል ነው፤ አልቆጠረለትም። አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ «የስድስት ሳምንት ክፍያ አለብኝ» ተብሎ ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ ስድስት ወሩ እንደገና ከዚያ ቀን ይጀምር ነበር። ማመልከቻውስ ቢሆን ምን ያስፈራል? የሥራ ክርክር ለፍርድ ቤት ሲቀርብ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም። ጠበቃ የማይችል ሰውም በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ያሉትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት መጠየቅ ይችላል። ወንድሜ ገንዘቡን አላገኘም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ይህ አዋጅ ሁሉን አይሸፍንም። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው፤ ከጅልዱና ከጥቁር ኢንጪኒ መጥተው ቀን በሰው ቤት እየሠሩ ማታ የሚማሩ እህቶቻችን ከላይ የቆጠርኩት የትርፍ ሰዓት ስሌት አይደርሳቸውም፤ ለእነሱ የቀረው የፍትሐ ብሔሩ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። ይህ በሕጋችን ካየኋቸው ክፍተቶች ሁሉ የባሰው ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ ብዙ ተማሪ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በአዋጁ የተጻፈ ይመስለዋል። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል እንጂ የብር መጠን አልጻፈም።

አምስት መቶ ብር

ሦስተኛው አጭር ነው፤ ስለሚያሳፍርም አላስረዝመውም። ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ጋር እንደ ወንድም ነበርንና 3,000 ብር አበደርኩት። ወረቀት አልጠየቅሁም፤ ሁለት ልጆች ግን አይተዋል። ሲመረቅ ብሩም እሱም ሄዱ። ምስክር አለኝ ብዬ ስፎክር አንድ የሕግ ተማሪ አንቀጽ 2472ን አሳየኝ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆች ቢመሰክሩልኝም አይረዳኝም። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ጥሩ ዶሮ እንኳ አይገዛም። ቁጥሩ ግን እዚያው አለ። በቴሌብር ቢላክም ገንዘቡ መሄዱን ያሳያል እንጂ ብድር መሆኑን በራሱ አይናገርም። ስለዚህ ተበዳሪውና ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት ወረቀት ይኑራችሁ። ከወረቀቱ በኋላ ሕጉ በአጠቃላይ የአሥር ዓመት ጊዜ ይሰጣል፤ ከደመወዙ ስድስት ወር ጋር አነጻጽሩት።

ለመስቀል ጉደር ስመለስ በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ እኚያ ትልቅ ሰው ቤት ነው። «ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ ልክ ነበሩ፤ ሚስት አትወርስም» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ ስለ ግማሹ፣ ስለ ጌዶዋ ልጅና ስለ ባኮው ልጅ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ እኔ መች የእሷን ግማሽ ነካሁ?» አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹን ራሳቸው ጠሩ። በዚህኛው ስብሰባ አክስቴ ከበሩ አጠገብ ሳይሆን ከመሃል ነበር የተቀመጠችው፤ የይዞታ ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ነበር።

የቤቱ ነገር በስምምነት አልቋል፤ ልጆቹም የወራሽነት ማስረጃ አውጥተዋል። ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ የጻፈችው የጌዶዋ ልጅ ናት፤ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በዚሁ ቋንቋ ስለሆነ ከእኔ የአማርኛ ማስታወሻ ይልቅ የእሷ ጽሑፍ ጠቀመ። የእርሻ መሬቱ ገና ነው። የባኮው ልጅ በአባቱ ይዞታ ላይ ስላለው መብት ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ማጣራት ተጀምሯል፤ ቀጠሮውም ለጥር ነው። ወንድሜም ሌላ ሥራ አግኝቷል። የሠራባቸውን ቀናት በአንዲት ትንሽ ደብተር ይመዘግብና ቅዳሜ ቅዳሜ ለፎርማኑ ያስፈርማል። ፎርማኑ መጀመሪያ ስቆበት ነበር አሉ፤ አሁን ግን ሌሎቹም ልጆች ደብተር ገዝተዋል።